አፉ ዝም ላለ ልጅ የሚሆን የፊደል ገበታ

ጥያቄ፦ «የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በተወለደ በአራተኛው ቀን ወይቦ፣ ጡት መጥባት ትቶ ሆስፒታል ገባን። በኋላ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ተባልኩ። ራሱን ችሎ አይቀመጥም፣ እጁ ሳያዘው ይወራጫል፣ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣውም። ነገር ግን ታናሽ እህቱ ሀ ሁ ስትቆጥር ከተሳሳተች ይስቃል። እህቴ ከቨርጂኒያ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ልካልኝ ልጇ በስልክ እየተረጎመች አነበበችልኝ። ዊልቸር ላይ ያለች፣ መናገር የማትችል፣ የሰማችውን ግን የማትረሳ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። የሚናገርላት ማሽን ሲመጣላት ለጥያቄና መልስ ውድድር ትበቃለች። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። የእኔስ ልጅ ውስጡ እንዲህ ቢሆን? ማሽኑን ከየት አገኛለሁ? ትምህርት ቤት አልቀበልም ብሎኛል። አንድ ሰው ደግሞ እጁን ይዤ አጽፈዋለሁ፣ በወር ክፈይኝ ይለኛል። ምን ላድርግ?» እናት፣ ከደሴ

መልስ፦

ውድ እናት፣

ከጠየቁን ሁሉ የሚቸኩለው የመጨረሻው ነውና ከእሱ እንጀምር፤ ለሰውየው አይክፈሉ። የልጅን እጅ ወይም ክንድ ደግፎ «ማጻፍ» አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ተይዞ ነበር። ከዚያ ቀላል ፈተና ተደረገ። ለልጁ አንድ ሥዕል፣ እጁን ለያዘው ሰው ሌላ ሥዕል ለየብቻ አሳዩአቸው። የተጻፈው ያዢው ያየው ሆኖ ተገኘ። ያዢዎቹ አጭበርባሪዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ የሚጽፈው ልጁ መሆኑን ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ እጃቸው ነው ሳያውቁት የሚመራው። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበርም በ2018 እ.ኤ.አ. ዘዴውን መጠቀም እንደማይገባ በግልጽ አስታውቋል። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብዎ ግን ለልጅዎ ሳይሆን ለሰውየው ሐሳብ ነው የሚከፈለው። ከዚህ በታች በምንነግርዎት ሁሉ የልጁን እጅ የሚይዝ ሰው የለም። እሱ በዐይኑ ወይም በቅንድቡ ይመርጣል፣ እርስዎ ያነባሉ።

ልብ ወለዱን እኛም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው ክፍል ነው ለእርስዎ የሚጠቅመው። ልጅቷ ማሽን ከማግኘቷ በፊት ከዊልቸሯ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ የቃላት ሰሌዳ ነበራት። ጎረቤቷ ናት ቃላቱን እየጨመረች ያበዛችላት። ማሽኑ ሲመጣ ቶሎ የለመደችው ለዓመታት በሰሌዳ ስትሠራ ስለኖረች ነው። የመጽሐፉ ጉዳት ደግሞ ልጅቷን እጅግ ብሩህ ማድረጉ ነው። አንባቢዋ እናት «የኔም እንደሷ ከሆነ ይገባዋል» ወደሚል ስሌት ትገባለች። ውሃ ጠማኝ፣ እዚህ ጋ ያመኛል፣ ያንን ሰውዬ አልወደውም ለማለት ጎበዝ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ልጅዎ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚለካውም የሚመልስበት መንገድ ካገኘ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚነገርዎት «አይገባውም»ም ሆነ «ሊቅ ነው» ግምት ነው።

የእህቱ ነገር ግን ጥሩ ምልክት ነው፣ በጥንቃቄ ይመርምሩት። ልጁ የሚስቀው በስሕተቷ ነው ወይስ ስትሳሳት በምትቀይረው ድምፅና በእናንተ ሳቅ? እህቱን ለብቻዋ ጠርተው «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ» ብላ ከሦስተኛው ቀጥሎ ራብዑን «ላ»ን እንድትዘል፣ ፊቷንም ድምፅዋንም እንዳትቀይር ያለማምዷት። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ይበል። አንድ ቀን በትክክል፣ አንድ ቀን በስሕተት ታድርገው። በስሕተቱ ቀን ብቻ ከሳቀ፣ ተቀምጦ ሲሰማ ፊደሉን በቃሉ ይዞታል ማለት ነው።

አሁን ወደ መወየቡ። ጨቅላ ሲወይብ በደሙ የሚከማቸው ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገር መጠኑ እጅግ ካለፈ ወደ አንጎል ይገባል። ገብቶም ሁሉን ቦታ እኩል አይጎዳም። በብዛት የሚያጠቃው እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ጥልቅ ክፍል፣ የመስሚያውን መንገድ እና ዐይንን ወደ ላይ የሚያነሣውን ቦታ ነው፤ የምናስብበትን የአንጎል ቅርፊት ብዙ ጊዜ ይተወዋል። የልጅዎ ምክንያት ይኸው መሆኑን የሚነግርዎት ያየው ሐኪም ነው። ቢሆንም ለሥራችን ሁለት ነገር ከወዲሁ ማጣራት አለብን።

አንደኛው ጆሮ ነው። ሪፈራል ሆስፒታል ሲሄዱ ኤቢአር የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ። ትንሽ ድምፅ ልኮ የውስጥ ጆሮን መልስ ብቻ የሚለካ ሌላ ምርመራ አለ፤ እንዲህ ባሉ ልጆች እሱ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፣ ምክንያቱም ጆሮው ደህና ሆኖ የተጎዳው ከጆሮ ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ነው። ኤቢአር ያንን መንገድ ይመረምራል። ይህ ጉዳት ያለበት ልጅ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን እንደሚንሻፈፍ ሬዲዮ ይሆንበታል፣ ጫጫታ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ውጤቱ እስኪመጣም ቢሆን ሲያናግሩት ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ፊት ለፊት ይሁኑ።

ሁለተኛው ዐይን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያዩት ምክር ብዙ ጊዜ «ወደ ላይ ማየት አዎ፣ ወደ ታች ማየት አይ» ይላል። ለእሱ ይህ ራሱ የማይቻል ሊሆን ይችላል። የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ከአፍንጫው ፊት ይያዙና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሡ። ዐይኑ ብቻውን ከተከተለ መልካም። አገጩን ካነሣ ወይም ማንኪያውን መሃል መንገድ ላይ ከተወው፣ ወደ ላይ የሚያስጠይቅ ነገር ሁሉ ይቅር፤ ምርጫዎቹ ግራና ቀኝ ይሁኑ።

ከሰሌዳው በፊት ወንበር። ሰውነቱ ያልተደላደለ ልጅ ጉልበቱን ሁሉ ላለመውደቅ ያውለዋል፣ ለዐይኑ የሚተርፍ የለውም። ዳሌው እስከ ወንበሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ይገባ። ቀበቶው ሆዱ ላይ ሳይሆን ጭኑና ዳሌው በሚገናኙበት እጥፋት ላይ ይታሰር። ጉልበቱ በቀጥታ ታጥፎ እግሩ ሣጥን ወይም ጡብ ላይ ይረፍ፤ የተንጠለጠለ እግር መላ ሰውነትን ያወራጫል። በጎንና ጎኑ የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ። ራሱ ወደ ኋላ ሲሄድ በመዳፍዎ ከኋላ አይግፉት፣ እንዲያውም ይብሱን ይለጠጣል፤ ትከሻውን ወደ ፊት ያምጡለት። ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ራሱን ወደ አንድ ጎን ሲያዞር በዚያ በኩል ያለው ክንዱ ሳያዘው ይዘረጋል። ሰሌዳውን ከጎኑ ይዘው «እጁ አልታዘዘውም» የሚሉ ሰዎች ይህን ነው የሚያዩት። ሰሌዳ ሁልጊዜ መሃል፣ ከአፍንጫው ትይዩ።

ከዚያ «አዎ» እና «አይ»። አዲስ ምልክት አይፍጠሩለት፣ ያለውን ይፈልጉ። ለሦስት ቀን የሚወደውንና የሚጠላውን ነገር ሲያቀርቡለት ፊቱ የሚያደርገውን ደብተር ላይ ይጻፉ። እኛ አገር ቅንድብ ወደ ላይ ማንሣት «አዎ» ነው፤ ልጁም ቤት ውስጥ ሲያየው ስላደገ ምናልባት እያደረገው ይሆናል፣ ከመወራጨቱ ጋር ተቀላቅሎ ያላየው ሰው ይሆናል። ቅንድብ ትንሽ ነገር አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 በጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ድምፁን ካጣ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ እስኪመጣለት ድረስ ሰው ፊደል እየጠቆመለት ቅንድቡን በማንሣት ነበር ቃል የሚሠራው።

«አይ» የራሱ ምልክት ይኑረው። ዝም ካለ «አይ» ማለቱ ነው ብለው ከወሰዱ፣ ደክሞት ዝም ሲል፣ ሳይሰማ ሲቀር፣ እያሰበ ሲዘገይ ሁሉ «አይ» ሆኖ ይቆጠርበታል። ጠይቀው በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ አንዳንድ ልጅ ሃያም ይፈጅበታል። በአምስተኛው ሰከንድ ጥያቄውን የሚደግም ሰው ልጁን ከዜሮ እንዲጀምር ያደርገዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የአማርኛችን ጣጣ ነው። «አልጠማህም?» ብለው ቢጠይቁት «አዎ» ማለት አልጠማኝም ነው ወይስ ጠምቶኛል? አፍ ያለው ሰው «አዎ፣ አልጠማኝም» ብሎ ይጨርሳል፣ እሱ መጨረሻው የለውም። ስለዚህ በ«አል» እና በ«አይ» የሚጀምር ጥያቄ፣ «አይደል?» ብሎ የሚያበቃም ጥያቄ ከቤትዎ ይውጣ። እንግዳ ሲመጣም ይንገሩት። ሁለት ጥያቄ ባንድ ላይ («ጠማህ ወይስ ራበህ?») በአዎና በአይ ስለማይመለስ እሱም ይቅር።

የመጀመሪያው ሰሌዳ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ነው። 5 በ5 ሳንቲሜትር ብትከፋፍሉት ሃያ ሣጥን ይወጣዋል። ብዙ ቤት የሚሠራው ስሕተት ሃያውንም በምግብና በዕቃ ስም መሙላት ነው፤ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ኳስ፣ ሽንት ቤት። ልጁ ሙዝ ካየ በኋላ ምን ይበል? የሚሻለው የትም የሚሠሩ ቃላት ናቸው። እኛ የምንጀምረው በእነዚህ ነው፦ እኔ፣ እናንተ፣ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ መሄድ፣ መብላት፣ መጠጣት፣ ማየት፣ መጫወት፣ እንደገና፣ በቃ፣ ቆይ፣ ያመኛል፣ ደስ ይላል፣ ያስጠላል፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ ነገ፣ ሌላ ነገር።

ግሶቹ «መሄድ፣ መብላት» ተብለው የተጻፉበት ምክንያት አለ። የአማርኛ ግስ በአድራጊው፣ በጾታውና በጊዜው ይለዋወጣል፤ ሄድኩ፣ ሄደች፣ እንሄዳለን ሁሉ ይግባ ቢባል ግድግዳ ሙሉ ሰሌዳ ያስፈልጋል። «መሄድ» ከ«አልፈልግም» ጋር እንዳለ ይገጥማል፤ «ነገ» ሲጨመር ጊዜው ይታወቃል፤ የቀረውን እርስዎ ሞልተው ጮክ ብለው ይሉለታል፦ «ነገ መሄድ አልፈልግም እያልክ ነው?» «አቁሚ» እና «ድገሚ» ፈንታ «በቃ» እና «እንደገና» የገቡትም እንዲሁ ነው። ለአባቱም፣ ለእህቱም፣ ለመምህሩም ሳይቀየሩ ያገለግላሉ። «ሌላ ነገር» ደግሞ የማትቀር ናት። የሚፈልገው ሰሌዳው ላይ ከሌለ፣ ያለዚያች ሣጥን ልጁ ከሃያዎቹ አንዱን ለመዋሸት ይገደዳል።

በየቃሉ ላይ ትንሽ ሥዕል ይሳሉ፣ ቃሉን ከሥር በወፍራም ማርከር ይጻፉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው በፕላስቲክ ያስለብሱት፤ ለሃጭ የነካው ወረቀት ሳምንት አይቆይም። ሦስት ቅጂ ይሥሩ፣ አንዱ ከቦርሳ አይውጣ። ሆስፒታልም ጠበልም ቢሄድ አብሮት ይሂድ። አዲስ ቃል ሲጨምሩ የቀድሞዎቹን ቦታ አይቀያይሩ። ልጁ ቦታውን በዐይኑ ልማድ ነው የሚይዘው፤ ሰሌዳን ለማሳመር ማዘዋወር ማታ መጥቶ የወጥ ቤትዎን ዕቃ ሁሉ እንደሚያዘዋውር ሰው ነው።

እጁ ስለማይታዘዘው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጣትዎ መስመር በመስመር እየጠቆሙና ጮክ ብለው እየጠሩ በ«አዎ» ምልክቱ ማስቆም ነው። ሁለተኛው የዐይን ሰሌዳ ነው። 60 በ45 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠንካራ ካርቶን ወስደው መሃሉን 25 በ20 አድርገው በመቀስ ይቁረጡ። አራት ቃል በአራቱ ማዕዘን ይለጥፉ። ቀዳዳው ውስጥ ፊትዎ ይታየው፣ ከእሱ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቁ። የላይኞቹ ሁለት ከዐይኑ ትይዩ እንዲሆኑ ዝቅ አድርገው ይያዙት፣ የማንኪያውን ጉዳይ ያስታውሱ። ልጁ ማዕዘኑን አይቶ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ ወደ እርስዎ ፊት ሲመለስ ያ ምርጫው ነው። ዞር ዞር ብሎ ማየት መምረጥ አይደለም፣ ገበያ ማየት ነው። መስተዋት አይጠቀሙ፣ እጁ ሲወራጭ ይሰብረዋል።

አሁን ከባዱ ነገር፤ የሚከብደውም ለልጁ ሳይሆን ለእርስዎ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳውን የሚጠቀሙት እርስዎ ነዎት። አፍ የሚፈታ ሕፃን ዓመት ያህል ሲነገረው ሰምቶ ነው አንድ ቃል የሚለው። የእርስዎ ልጅ ግን ሰው በሰሌዳ ሲናገር አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሲናገሩ ዋናዋን ቃል በጣትዎ ይንኩ። ለዚህ እንደ ቡና የሚመች ጊዜ የለም፤ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ ነገሩ በሦስት ዙር ይመላለሳል። አቦል ሲቀዳ «መጠጣት»፣ ቶና ሲመጣ «እንደገና»፣ በረካ ላይ «በቃ»። አሳየኝ፣ ንካ፣ ድገም አይበሉት። ይህን እያደረጉ ሦስት ወር ምንም መልስ ላያዩ ይችላሉ፤ ብዙ ቤት ሰሌዳው በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። «ይኸው ሰጠነው፣ አልተጠቀመም» ይባላል።

ከሃያው ቃል ጎን ለጎን ፊደሉን ይጀምሩ፣ ቃላቱን እስኪጨርስ አይጠብቁ። ማንኛውም ሰሌዳ ሌላ ሰው የመረጠለት ቃል ነው፤ ፊደል ግን ማንም ያላሰበለትን ነገር የሚያስብለው ነው። በደብሊን በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለደው ክሪስቲ ብራውን ሐኪሞች ተስፋ የለውም ያሉት፣ ከግራ እግሩ በቀር የሚታዘዘው አካል ያልነበረው ልጅ ነበር፤ በልጆች በተጨናነቀ ቤት ውስጥ እናቱ ናት ወለል ላይ በጠመኔ ፊደል ያስቆጠረችው። በኋላ ደራሲ ሆነ።

እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው። የእኛ 33 በሰባት ነው፣ 231፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። አንድ በአንድ ቢጠሩለት ሁለታችሁም እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ስለዚህ ይቀነስ። ድምፃቸው ከሌላው የሚገጥመውን ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ አውጥተን፣ እምብዛም የማይመጡትን ዠ፣ ጰ፣ ፐ ከገበታው ጀርባ ብናስቀምጥ 24 ይቀራል። አራት መስመር በስድስት፦

ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ
ቀ በ ተ ቸ ነ ኘ
አ ከ ወ ዘ የ ደ
ጀ ገ ጠ ጨ ጸ ፈ

(ስለ ንጉሡ ሠ እና ስለ ሐመሩ ሐ የምትቆረቆሩ አንባቢዎች ይቅር በሉን፤ ልጁ ይጻፍ እንጂ ማረሙ ኋላ ይደርሳል።) ተደጋግሞ የሚመጣውን ፊደል ወደ ፊት ማምጣትም ይቻላል፤ ከፈረንሳይ በስትሮክ ሰውነቱ ደርቆ በዐይን ጥቅሻ ብቻ መጽሐፍ ያስጻፈው ጋዜጠኛ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ በዚያ መንገድ ነው የተጠቀመው። እኛ ግን የሀ ሁን ቅደም ተከተል አንነካም። እህቱም፣ አያቱም፣ የጎረቤት ልጅም በቃላቸው ስለሚያውቁት ገበታው ቤት ቢረሳ እንኳ መንገድ ላይ ይጠሩለታል።

አሠራሩ ይህ ነው። «አንደኛ መስመር? ሁለተኛ?» ልጁ ቅንድቡን አነሣ። «ቀ? በ?» አነሣ። በ ተገኘ፤ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ ከሰባቱ የትኛው? እዚህ ላይ በተለመደው ቅደም ተከተል አይሂዱ። ከሁሉ የሚበዛው ሳድስ ነውና ከእሱ ይጀምሩ፦ ብ? በ? ባ? ቡ? ቢ? ቦ? ቤ? «ቤት» ለማለት እንዲህ ከሄደ ለ«ቤ» 11 ጥያቄ፣ ለ«ት» 6 ጥያቄ፣ በጠቅላላው 17 ይፈጃል። ይህ ለስምንት ዓመት ልጅ አድካሚ ነው። አቋራጩ ሰባቱን ቤት መጀመሪያ ላይ መተውና አጥንቱን ብቻ መውሰድ ነው። በ፣ ተ። በ9 ጥያቄ ያልቃል። ከዚያ እርስዎ «ልገምት?» ብለው ፈቃድ ይጠይቁ። ሲፈቅድ፦ «ቤት? ቦታ?» ከአጥንቱ ቃሉን ማውጣት አማርኛ ለለመደ ጆሮ የሚያስቸግር አይደለም፤ ወሬው ስለምን እንደሆነ ካወቁ አብዛኛውን በሁለት ግምት ይደርሱበታል። የማይደረስበት ሲሆን ብቻ ሰባቱን ይቁጠሩ። ፈቃድ ሳይጠይቁ ከመጀመሪያው ፊደል ላይ እየዘለሉ መገመት ግን ልጁን ያሰለቸዋል፣ ኋላም ያልፈለገውን ቃል «አዎ» ብሎ ይገላገልዎታል።

ፊደሉን በእርግጥ ማወቁን ለመፈተን የዐይኑን ካርቶን ይጠቀሙ። አራት ፊደል በእሱ በኩል ብቻ ይለጠፍ፣ ካርቶኑን የሚይዘው ሰው የሚያየው ባዶ ጀርባ ይሁን። እህቱ በየዙሩ ፊደሎቹን ታዘዋውር፣ እርስዎ «መ የቱ ነው?» ይበሉ፣ አባቱ ዐይኑን አይቶ «ግራ ታች» ይበል። አባቱ መ የት እንዳለ ስለማያውቅ ሳያስበው ሊረዳው አይችልም። አሥራ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። በዕድል ብቻ የሚገኘው ሦስት ያህል ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ ካገኘ ዕድል አይደለም። አራት ወይም አምስት ካገኘ ደግሞ «አያውቅም» አይበሉ፤ ጠዋት፣ ከበላ በኋላ፣ ተደላድሎ ሲቀመጥ እንደገና ይሞክሩ። ፈተናውም በወር አንዴ ይበቃዋል። በየቀኑ የሚፈተን ልጅ ሆን ብሎ የተሳሳተውን ማየት ይጀምራል፣ አይፈረድበትም።

ስለ ማሽኑ ባጭሩ። ዐይን የሚከታተሉት ዋጋቸው በሺዎች ዶላር ነው። ልብ ወለዱ የመጣበት አገር፣ አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ልጆችን በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ማስተማርን የሚያስገድድ ሕግ አለው፤ የመሣሪያውን ወጪም ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ ይጋራል። እህትዎ ልላክ ካለች ሳትገዛ ሦስት ነገር ትጠይቅ፤ ፊደላችንን ይጽፋል? አማርኛ ያነባል ወይስ የተቀዳ ድምፅ ይቀበላል? ሲበላሽ ማን ያየዋል? በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራ ውድ ዕቃ ደሴ ላይ ጌጥ ነው። ድምፅ የሚቀዳበት ማንኛውም ስልክ ለጊዜው ይበቃዎታል። ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ ቤተሰቡን እንዲጠራ አንድ ትልቅ ሣጥን፣ አንድ ቃል ቅዱለት። የሚቀዳው ድምፅ የእርስዎ አይሁን፤ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ በእናቱ ድምፅ ሲያወራ እኩዮቹ ይስቁበታል። የጎረቤት ልጅ ይቅዳለት። ማሽን ቢመጣም መብራት ሲጠፋና ባትሪ ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶኑ ነውና አይጣል።

ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሕጉን ይንገሯቸው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ አንቀጽ 24 በአማራጭ የመግባቢያ ዘዴ መማርን በግልጽ ይጠቅሳል። ግን ሕግ ብቻ ይዘው አይሂዱ። የእምቢታው ሥር ብዙውን ጊዜ «እንዴት ነው የምንፈትነው?» የሚል ፍርሃት ነው። ካርቶኑን ይዘው ይሂዱ። የእኛ አገር ምርጫ ጥያቄ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ አራት ፊደል። መምህሩ ጥያቄውን ያነባል፣ ልጁ ያያል፣ መምህሩ ይጽፋል። ሃያ ጥያቄ ቢሆን ዐሥሩ ዛሬ፣ ዐሥሩ ነገ፤ ዐይንም ይደክማል። መጀመሪያ እርስዎ ሳይሆኑ እህቱ ታሳያቸው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ የምትችለውን አንችልም የሚል መምህር እምብዛም አይገኝም።

ልብ ወለዱን ለእሱም ያንብቡለት፤ የእህትዎ ልጅ በስልክ የተረጎመችውን ብትቀዳው ይበልጥ ጥሩ። በየገጹ ቆም ብለው «እንደገና» እና «በቃ»ን ያሳዩት፣ በቃ ካለ ይዝጉ። መጨረሻው አካባቢ የውድድር ጓደኞቿ ጥለዋት የሚሄዱበት ክፍል አለ። አይዝለሉት። እዚያ ከመድረስዎ በፊት ግን «አናደደኝ» እና «አሳዘነኝ» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ሰሌዳው ላይ ይጨምሩ፤ አሁን ካሉት ሃያዎቹ ውስጥ ለዚያ ገጽ የሚሆነው «ያስጠላል» ብቻ ነው።